ከጅማ ተነሥቶ የንግግርና የመስማት ሕክምና መማር፦ ምርጫ ከመሙላቴ በፊት ምክራችሁን

የጅሬኗ

ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ነኝ፤ የትምህርት ክፍል ምርጫ የምንሞላበት ቀን ተቃርቧል። ቤተሰቦቼ «ሕክምና ካልደረሰሽ ፋርማሲ፣ እሱም ካልሆነ ላቦራቶሪ» ብለው ወረፋውን አሰልፈውልኛል። እኔ የምፈልገው ሌላ ነው፤ የንግግርና ቋንቋ ሕክምና ወይም ኦዲዮሎጂ።

ምክንያቴ ታናሽ ወንድሜ ነው። ላንቃው ተሰንጥቆ ተወለደ፤ እዚሁ ጅማ ተሰፍቶለታል፣ ስፌቱም ያማረ ነው። ንግግሩ ግን አሁንም በአፍንጫው ይወጣል፤ «ጠ»ንና «ቀ»ን በምላሱ መሥራት ትቶ ጉሮሮው ላይ ቆርጦ ያስቀራቸዋል። ከእኛ ከቤተሰቦቹ በቀር የሚለውን የሚረዳ የለም። «ከእንግዲህ የሚያስፈልገው የንግግር ሥልጠና ነው» ተባልን፤ ሥልጠናው ያለው አዲስ አበባ ነው፣ 350 ኪሎ ሜትር ርቆ። በየሳምንቱ ማን ያመላልሰዋል?

እና ሁለቱ ሙያዎች አንድ ናቸው ወይስ ይለያያሉ? የት ይማሯቸዋል? ተምሬ ጅማ ብመለስስ እንጀራ ይሆኑኛል?

የጆሮ ክፍል ነርስ

እኅቴ፣ ሁለቱ ጎረቤት ናቸው እንጂ አንድ አይደሉም። ኦዲዮሎጂስት መስማትን ይለካል፤ ጉድለቱ ከታምቡሩና ከመካከለኛው ጆሮ ይሁን ከውስጠኛው ጆሮና ከነርቩ ለይቶ ያውቃል፤ የመስሚያ መሣሪያ ይመርጣል፣ ያስተካክላል፤ የሚዛን መሳት ችግርንም ይመረምራል። የንግግርና ቋንቋ ባለሙያው ደግሞ ዘግይተው የሚናገሩ ልጆችን፣ የሚንተባተቡትን፣ ስትሮክ አፋቸውን የዘጋባቸውን፣ የድምፅ አውታራቸው የደከመባቸውን፣ ምግብ ሲውጡ የሚያንቃቸውን ሁሉ ያያል። የወንድምሽ ነገር የሁለተኛው ነው። ሆኖም ጆሮውንም አስለኪው። ላንቃቸው ተሰንጥቆ የሚወለዱ ልጆች ከታምቡሩ ጀርባ ፈሳሽ ስለሚጠራቀምባቸው ብዙዎቹ በደንብ አይሰሙም፤ በደንብ ያልተሰማ ድምፅ ደግሞ በደንብ አይነገርም።

ከጆሮ ጋር ብዙ ዓመት ስለኖርኩ ወደ ጆሮው ላዳላ። እኛ ዘንድ ከሚመጡት ልጆች አብዛኞቹ ጆሯቸው የሚመግል ነው። እናት ዘይት ጠብ አድርጋ፣ ቅጠል ጨምቃ፣ አንዳንዴም ጥጥ ወትፋ ታመጣዋለች። ከሁለት ሳምንት በላይ የሚፈስ ጆሮ ሥር ሰድዷል ማለት ነው፤ በንጹሕ ጨርቅ ፍትል በቀን ሦስት ጊዜ ማድረቅ፣ ከዚያ የታዘዘውን ጠብታ መጨመር ነው ሕክምናው። ይህ ሳይደረግ ሲቀር ታምቡሩ እንደተበሳ ይከርማል፤ ልጁም የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀምጦ «ሰነፍ» ይባላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣው የመስማት ሪፖርት ከልጆች የመስማት ጉድለት 60 በመቶ ያህሉ መከላከል በሚቻል ምክንያት የሚመጣ ነው ይላል። እኔ ይህን ቁጥር ሳነበው አልደነቀኝም።

ጆሮ የሚጎዳ መድኃኒትም አለ። ጄንታማይሲን፣ ስትሬፕቶማይሲን፣ መድኃኒት ለተላመደው ቲቢ ይሰጡ የነበሩት ካናማይሲንና አሚካሲን የውስጠኛውን ጆሮ ይጎዳሉ። ጉዳቱ የሚጀምረው ከቀጫጭኖቹ ድምፆች ስለሆነ በሽተኛው ራሱ አያውቀውም፤ የሚያውቀው መለኪያው ብቻ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ከመጽሐፍ ስለማታገኚው። የጅማ ዝናብ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ሲወርድ 20 ዴሲቤል (ዴሲቤል የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው) የሆነ ደካማ ድምፅ ማንም አይሰማም፤ ጤነኛውም ታማሚ ሆኖ ይመዘገባል። ድምፅ የሚከላከል ክፍል ከሌለሽ መሣሪያው ምንም ቢወደድ ውጤቱ አይታመንም።

ደመወዝ ጠያቂ

ሁሉም ስለ ጆሮና ምላስ ያወራል፤ ስለ ኪስ የሚያወራ የለም። እኔ ሌላ አዲስ የጤና ሙያ ተምሬ ነበር፤ ስሙን አልጠራም። በማዕረግ ተመርቄ ወደ አንድ ቢሮ ብሄድ «ሙያው ጥሩ ነው፣ መደቡ ግን የለንም» ተባልኩ። በመጨረሻ የተቀጠርኩት ሌላ የሥራ መደብ ላይ ነው፤ የተማርኩትን በትርፍ ሰዓቴ ነው የምሠራው። አንቺም ከመማርሽ በፊት ጤና ቢሮ ሂጂና «በዚህ ስም መደብ አለ ወይ? በየትኛው ደረጃ?» ብለሽ ጠይቂ። ለወንድምሽ ያለሽ ፍቅር ያስመሰግንሻል፤ የቤት ኪራይ ግን አይከፍልም።

ማይሶር ደርሶ መልስ

ደመወዝ ጠያቂ ያለው እውነት ነው፤ ግን ግማሹ ነው። ቀሪውን ልናገር።

እኔ ሕንድ አገር፣ ማይሶር ነው የተማርኩት፤ እ.ኤ.አ. በ1965 በተመሠረተው የመላ ሕንድ የንግግርና የመስማት ኢንስቲትዩት። እዚያ የመጀመሪያው ዲግሪ ሁለቱንም ሙያዎች አጣምሮ ይሰጣል፦ ሦስት ዓመት ትምህርት፣ አንድ ዓመት የተግባር ልምምድ። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ የሕንድ መንግሥት ለውጭ ተማሪዎች የሚሰጠውን ነጻ የትምህርት ዕድል ተከታትለሽ ማመልከት ትችያለሽ። ደቡብ አፍሪካ በመጀመሪያ ዲግሪ አራት ዓመት ነው፤ ድሮ ሁለቱን አንድ ላይ ያስተምሩ ነበር፣ አሁን ግን ዩኒቨርሲቲዎቹ እየለያዩዋቸው ነው። አሜሪካ መንገዱ ይረዝማል። የመጀመሪያ ዲግሪ ብቻውን ፈቃድ አያሰጥም፤ ለንግግር ማስተርስና 400 ሰዓት ክትትል የሚደረግበት የክሊኒክ ሥራ ይጠየቃል፤ ለኦዲዮሎጂ ደግሞ ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ አራት ዓመት ያህል የሚወስድ የክሊኒክ ዶክትሬት። አገር ቤት አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የንግግርና ቋንቋ ሕክምና የመጀመሪያ ዲግሪ አለው። ዩኒቨርሲቲው አሁን የራሱን የመግቢያ ፈተና ስለሚሰጥ ከጅማ ለመዛወር የሚያስፈልገውን ነገር ከሬጅስትራሩ አጣሪ፤ በወሬ አትመኚ።

ሰዎች የምንማረው ልጅን «አ በል» ማሰኘት ይመስላቸዋል። የመጀመሪያው ዓመት ፊዚክስ የጠገበ ነው። ዴሲቤል ሎጋሪዝም ስለሆነ ከ20 ወደ 40 ዴሲቤል መሄድ እጥፍ አይደለም፤ በድምፅ ግፊት ሲለካ አሥር እጥፍ ነው። ይህ ካልገባሽ ኦዲዮግራም፣ ማለትም የመስማት ልኬት ውጤት የሚሰፍርበትን ሠንጠረዥ፣ ማንበብ አትችይም። ከዚያ የአንገትና የራስ አናቶሚ፣ የነርቭ ሥርዓት፣ የቋንቋ ሳይንስ፣ የልጅ እድገት ሥነ ልቦና፣ ስታቲስቲክስ። ክሊኒክ መጀመሪያ ከመስታወት ጀርባ ሆነሽ ታያለሽ። ሲደርስሽ ደግሞ የአርባ ደቂቃ ሥራ ለማዘጋጀት ሌሊቱን ታድሪያለሽ፤ ልጁም ያዘጋጀሽውን ሁሉ ትቶ ከጠረጴዛ ሥር ይገባል። ትዕግሥት ከሌለሽ ፋርማሲ ይሻልሻል፤ መድኃኒት ከመደርደሪያው አይሸሽም።

ስለ መደቡ፦ እኔ የሆስፒታል በር አላንኳኳሁም። ትምህርት ቤቶች፣ የኦቲዝም ማዕከላት፣ የላንቃ ስንጥቅ የሚያክሙ የረድኤት ድርጅቶች ናቸው የሚፈልጉን። አዲስ አበባ ውስጥ ሥራ አጥቼ አላውቅም። ጅማ ግን መጥቼ ልሥራ ብል ከባድ ነው፤ ይህን አልደብቅሽም።

የሂርማታ ነጋዴ

እኔ የተማርኩ ሰው አይደለሁም፤ የቡና ነጋዴ ነኝ። ልጄን ማጅራት ገትር ይዟት እግዚአብሔር አተረፋት፤ መስማቷን ግን ወሰደው። ሐኪም ቤት ስትወጣ «ጆሮዋን አስለኩ» ያለን ሰው አልነበረም። ስትጠራ አለመዞሯን ያየችው አያቷ ናት።

መሣሪያ ገዛንላት። ከዚያ በኋላ ያለውን መከራ ማንም አልነገረን። ባትሪው ሰማያዊ ምልክት ያለው 675 የሚባለው ነው፤ ጅማ ሲጠፋ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ሹፌር አስመጣለሁ። ተለጣፊው አንዴ ከተላጠ መሣሪያው ባይበራም ባትሪው አየር እየሳበ ያልቃል፤ ይህን ሳላውቅ ስንቱን ፈትቼ አስቀምጬ አበላሸሁ። ጆሮዋ ውስጥ የሚገባው ፕላስቲክ ልጅቷ ስታድግ ይሰፋታል፤ ሲሰፋ ያፏጫል። ክፍል ውስጥ ሲያፏጭባት ልጆች ይስቁባታል፣ እሷም አውልቃ ኪሷ ትከተዋለች። አዲስ ለማሠራት የጆሮዋን ልክ የሚወስድ ሰው ያስፈልጋል፤ ለዚያም አዲስ አበባ።

ክረምት ደግሞ እርጥበቱ ይገድለዋል። አሁን ማታ ማታ ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ ውስጥ፣ ከአዲስ ጫማ ካርቶን ከሚገኙት እርጥበት መጣጭ ከረጢቶች ጋር አሳድረዋለሁ። ልጄ፣ አንቺ ይህን ተምረሽ ሂርማታ አጠገብ አንዲት ክፍል ብትከፍቺ ሐሙስ ገበያ የሚወጣው ሰው ብቻ ይሞላልሻል። ደመወዝ የሚለው ወንድሜ ይህንን ያስብ።

የጆሮ ክፍል ነርስ

ጋሼ፣ ያላችሁበትን ሁሉ አውቀዋለሁ። ከማጅራት ገትር የዳነ ልጅ ከሆስፒታል ሳይወጣ ወይም ወዲያው መለካት አለበት፤ የውስጠኛው ጆሮ ወደ አጥንትነት ሊለወጥ ስለሚችል ጊዜ አይሰጥም። የቀሩት ልጆችዎም ክትባታቸው የተሟላ መሆኑን ይዩልኝ።

በእጄ ተናጋሪ

መስማት የተሳነኝ ነኝ። ይህን ሁሉ አነበብኩ፤ መሣሪያ፣ ባትሪ፣ ቀዶ ሕክምና፣ ዲግሪ። አንድም ሰው የምልክት ቋንቋን አላነሣም።

የነጋዴውን ሐዘን አልንቅም። ነገር ግን ልጅቷ መሣሪያው እስኪገዛ፣ ፕላስቲኩ እስኪሠራ፣ ባትሪው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ በምን ቋንቋ ታስባለች? እኔ እስከ ስምንት ዓመቴ ቋንቋ አልነበረኝም፤ ውሃና ምግብ በጣት መጠቆም ብቻ። ሆሳዕና መስማት የተሳናቸው ትምህርት ቤት ስገባ ነው ነገሮች ስም እንዳላቸው ያወቅሁት። ከዚያ በኋላ አማርኛ ማንበብም መጻፍም ተከተለ፤ ይኸው እየጻፍኩላችሁ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋን በዲግሪ ያስተምራል። የጅሬኗ፣ ኦዲዮሎጂስት ከሆንሽ የምልክት ቋንቋ የማይችል ኦዲዮሎጂስት አትሁኚ። ለወላጅ ኦዲዮግራሙን ስታሳዪ በዚያው ቀን መስማት የተሳነው ጎልማሳ አስተዋውቂው። ልጁ አድጎ ምን እንደሚሆን ይየው።

ማይሶር ደርሶ መልስ

ይህ ሊባል የሚገባው ነው። በትምህርት ዘመኔ ስለ ምልክት ቋንቋ የተሰጠን ጊዜ በጣም አጭር ነበር። «ምልክት ከተማረ መናገር ይተዋል» የሚሉ ወላጆችን በየቀኑ አገኛለሁ፤ ይህ ፍርሃት መሠረት የለውም፤ ቋንቋ ያለው ልጅ ሁለተኛውን ለመያዝ ይቀለዋል እንጂ አይከብደውም።

የጅሬኗ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ በተለይ ጋሼና በእጄ ተናጋሪ። አንድ ነገር ግን አስጨነቀኝ። ቤታችን በአፋን ኦሮሞ ነው የምናወራው፣ ወንድሜ ትምህርት ቤት አማርኛ ይሰማል፣ ጎረቤቶቻችን ዳውሮዎች ናቸው። ሕንድም ሆነ አሜሪካ ብማር በእንግሊዝኛ የተማርኩት ፈተና ለጅማ ልጅ ይሠራል?

ማይሶር ደርሶ መልስ

አይሠራም፤ ተርጉመሽውም አይሠራም። ምሳሌ ልስጥሽ። በእንግሊዝኛ የልጅ ቋንቋ የሚለካበት አንዱ መንገድ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ስንት ቃል እንደሚጠቀም መቁጠር ነው። የአማርኛ ተናጋሪ ልጅ «አልሰጠሁትም» ሲል አንድ ቃል ተቆጠረለት፤ እንግሊዛዊው ያንኑ ለማለት አምስት ቃል ይፈልጋል። በቃል ቆጠራ ከሄድሽ ጤነኛውን ልጅ «ዘግይቷል» ትይዋለሽ። በአማርኛ መቆጠር ያለባቸው በግሡ ላይ የተጣበቁት ክፍሎች ናቸው፤ ማን፣ ማንን፣ ለማን፣ አዎንታ ወይስ አሉታ።

ድምፆቹም እንዲሁ። «ጠ፣ ጨ፣ ቀ፣ ጸ» ጉሮሮ ዘግቶ አየር አፍኖ መልቀቅን ይጠይቃሉ፤ እንግሊዝኛ እነዚህ ድምፆች ስለሌሉት የእንግሊዝኛ መጽሐፍ በስንት ዓመት መጥራት እንዳለባቸው አይነግርሽም። ለወንድምሽ ይህ ወሳኝ ነው። ላንቃው አየር ወደ አፍንጫ የሚያሳልፍ ልጅ አፉ ውስጥ ግፊት ስለማይጠራቀምለት ጉሮሮውን በመዝጋት ይተካዋል፤ በእኛ ቋንቋዎች ደግሞ ጉሮሮ መዝጋት የትክክለኛው ድምፅ አካል ነው። የትኛው ስሕተት፣ የትኛው ትክክል እንደሆነ በጆሮው የሚለይ ቋንቋውን ከእናቱ የጠጣ ሰው ነው። ስለዚህ ሦስት ቋንቋ እየሰማሽ ማደግሽን እንደ ጣጣ አትይው፤ እኔ የምከፍልበት ባገኝ የምገዛው ነገር ነው።

የልዩ ፍላጎት መምህር

ከዚሁ ልቀጥል። በአፋን ኦሮሞ የአናባቢ ርዝመት ትርጉም ይለውጣል፤ «ለፈ» መሬት ነው፣ «ላፋ» ለስላሳ። አንድ ልጅ ርዝመቱን ካልያዘ አማርኛ የለመደ መርማሪ ስሕተቱን ጨርሶ ላይሰማው ይችላል፤ ወይም በተቃራኒው አማርኛ እየተማረ ያለን ጤነኛ ልጅ በአነጋገር ዘዬው ብቻ ታማሚ ያደርገዋል። በሁለት ቋንቋ የሚያድግ ልጅ በሁለቱም ይመረመር። በሁለቱም ችግር ካለ ያኔ ችግር ነው። ወላጆችን «አንዱን ቋንቋ ተዉበት» የሚሉ ሰዎች አሉ፤ አያት በምን ቋንቋ ያጫውቱት?

በመንገዱ ላይ ግን ከማይሶር ደርሶ መልስ ጋር እለያያለሁ። እዚሁ ጅማ የልዩ ፍላጎትና አካቶ ትምህርት ብትማሪ ምን ነውር አለው? ከቤትሽ ሳትርቂ ተምረሽ በኋላ ማስተርሱን ውጭ ትወጪያለሽ። ጅማ የሚታወቀው ተማሪውን ወደ ማኅበረሰቡ በማውጣት ነው። እዚህ የሚማሩ የጤና ተማሪዎች በቡድን ወደ ወረዳ ጤና ጣቢያ ይወርዳሉ፤ አንድ ቡድን ሰቃ ወይም ሰርቦ ሄዶ የተማሪዎችን ጆሮ ቢያይ፣ የሚመግለውን ቢለይ፣ ያ ብቻ ስንት ልጅ ከኋላ ወንበር ያነሣል።

ማይሶር ደርሶ መልስ

መምህር፣ ሐሳቡን አከብራለሁ። ብዙ የማስተርስ ፕሮግራሞች ግን መሠረታዊ የሆኑትን ኮርሶች ያልወሰደን አይቀበሉም፤ ሌላ ዓመት ያስጨምራሉ። ዓላማዋ ንግግር ከሆነ በቀጥታ ብትሄድ ይሻላል።

ሻይ ብቻ

ተንተባታቢ ነኝ፤ ለሳቅ ያህል ልንገራችሁ። ካፌ ገብቼ «ማኪያቶ» ማለት ስለማይወጣልኝ ለዓመታት ሻይ ሳዝዝ ኖሬያለሁ። በቡና አገር፣ በጅማ! አስተናጋጆቹ ሻይ ወዳጅ አድርገውኛል። ሰዎች ቃሌን ሊጨርሱልኝ ይቸኩላሉ፤ የሚጨርሱልኝ ግን ብዙ ጊዜ ያላሰብኩትን ነው። የጅሬኗ፣ ስትማሪ ለሕዝቡ ይህን አስተምሪልኝ፦ «ተረጋጋ፣ ቀስ በል» አትበሉን፤ ዝም ብላችሁ ጠብቁን።

ፊዚዮ በጅማ

ስለ ስትሮክ በዝርዝር የተናገረ ስለሌለ ልጨምር። ክፍላችን አንድ ሸምገል ያሉ አባት ተኝተው ነበር፤ ግራ አንጎላቸው ተጎድቷል። ውሃ ለመጠየቅ ቃል ያጡ ነበር፤ ጸሎታቸውን ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንዲት ቃል ሳይስቱ ይቀሩታል። ልጆቻቸው «አባባ መናገር ይችላሉ፣ እልኸኛ ሆነው ነው» አሉ። እልህ አይደለም። ለዓመታት የተደጋገመ ነገር፣ ጸሎት፣ ቁጥር፣ ሰላምታ፣ ከአንጎል የሚወጣበት መንገድ አዲስ ዓረፍተ ነገር ከሚሠራበት ይለያል። ይህን ለቤተሰቡ የሚያስረዳ ባለሙያ አልነበረንም፤ እኔው እንደቻልኩ አስረዳሁ። መዋጥም አለ። ስትሮክ የያዘው ሰው ከአጥሚት ይልቅ ውሃ ያንቀዋል፤ ቀጭን ስለሆነ ሳይታሰብ ወደ ሳንባ ይወርዳል። አስታማሚ ደግሞ ተኝቶ ሳለ ውሃ ያጠጣዋል። ፊዚዮቴራፒ ብትመርጪና ወደዚህ ብታዘነብዪም አትከስሪም።

ደመወዝ ጠያቂ

አሁንም መደቡ አለ ያለኝ ሰው የለም። ነጋዴው ግን አሳመኑኝ፤ የጆሮ ልክ መውሰድና መሣሪያ መጠገን ገበያ አለው። የጅሬኗ፣ ከሁለቱ አንዱን ምረጪ ብባል ኦዲዮሎጂውን እላለሁ።

የጅሬኗ

እኔ ደግሞ ወደ ንግግሩ እያዘነበልኩ ነው። ለአዲስ አበባው ፈተና እመዘገባለሁ፤ ካልሆነ ለሕንዱ አመለክታለሁ። እስከዚያው እዚህ ፊዚዮቴራፒን አስቀድሜ እሞላለሁ። በእጄ ተናጋሪ፣ ጅማ ውስጥ ምልክት ቋንቋ የሚያስተምር ሰው ካለ በግል ጻፍልኝ።

እናት ከአጋሮ

ይቅርታ፣ ስለ ትምህርት አይደለም። ልጄ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው፤ «እማ» ብቻ ነው የሚለው። ሰፈር «ምላሱ ታስሯል፣ ይቆረጥ» ይሉኛል። ቅዳሜ የሚቆርጥ ሰው ሊመጣ ነው፤ እንጥሉንም አብሮ አነሣለሁ ብሏል። ምን ላድርግ?

የጆሮ ክፍል ነርስ

እኅቴ፣ ቅዳሜ የሚመጣውን ሰው አስቀሪው። እንጥል መቁረጥ ደም ያፈሳል፣ ይመርዛል፤ ንግግር አያመጣም። ምላስ መታሰር አንዳንድ ድምፆችን ያበላሽ ይሆናል እንጂ ልጅን በሦስት ዓመቱ ቃል አልባ አያደርገውም።

አሁን የምጠይቅሽን መልሺልኝ። ጀርባውን ሰጥቶሽ ሳለ በለስላሳ ድምፅ ስትጠሪው ይዞራል? የሚፈልገውን በጣቱ ያሳይሻል? ዓይንሽን አይቶ ይስቃል? ሲወለድ ብጫ ሆኖ ነበር? ማጅራት ገትር ወይም መርፌ የበዛበት ሕመም አልፎበታል? ጆሮው ይመግላል? የመጀመሪያው ሥራ መስማቱን ማስለካት ነው፤ ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ። ሰኞ ጠዋት ወደ ጅማ ይዘሽው ነዪ፣ የክትባት ካርዱን አትርሺ፤ ልጁ ጉንፋን ካለበት ግን ንገሪኝና ቀኑን እናሸጋግረው።